ዝም ያለው ወይራ

መቼ እንደነበረ በትክክል ልነግራችሁ አልችልም። ዓመተ ምሕረቱ ከአእምሮዬ የለም፤ ያን ጊዜ እኛ መንደር ዓመት የሚቆጥሩት ቄሱና ግብር ሰብሳቢው ብቻ ነበሩ። እኔ የማስታውሰው የፊት ሁለት ጥርሶቼ ወልቀው አዲሶቹ ብቅ ብቅ ማለት መጀመራቸውን ነው። ገብሱ ታጭዷል። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሳሩን አመድ የተነሰነሰበት ያስመስለዋል። እናቴ ከሞተች ሁለት ክረምት አልፏል። ከዚህ የበለጠ አትጠይቁኝ፤ የቀረውን ግን ትናንት የሆነ ያህል አውቀዋለሁ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለችኝ ግቢ አንዲት ክፍል አከራያለሁ። ተከራይዋ መቅደስ ትባላለች። ከወደ ጅማ የመጣች፣ የማዕድን ትምህርት ተምራ እዚህ በአንኮበር መስመር ካለው የድንጋይ ከሰል ማውጫ የተቀጠረች ልጅ ናት። በሥራ ቀን ገና ሳይነጋ በሰርቪስ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር አቧራ ለብሷል። እሑድ እሑድ ልብሷን አጥባ ካሰጣች በኋላ ወደኔ ብቅ ትላለች። ስትገባ አትጣራም። የበሩን መቃን በጣቷ አጥንት ሁለቴ ኳ ኳ ታደርጋለች። ከተማ ያደገ ሰው ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል፤ ለሷ ምንም አይደለም። እኔ ግን ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የያዝኩትን አስቀምጣለሁ።

ያለፈው እሑድ ስልኳን ይዛ መጣች። «አባባ፣ ሁልጊዜ ምን ሠርተሽ ዋልሽ ይሉኛል፤ ዛሬ በዓይንዎ ይዩት» አለችና አጠገቤ ቁጭ አለች።

መጀመሪያ የራሷን ሥራ ቦታ አሳየችኝ። ከሰሉ ብዙ ካልጠለቀ ተራራውን ከላይ እየገፈፉ ነው የሚወርዱት። ለሙን አፈር ቀድመው ያነሱና ለብቻው ይከምሩታል። ከዚያ ድንጋዩን እየሰረሰሩ ፈንጂ ይቀብሩበታል፤ የፈነዳውን ኤክስካቫተሩ እየዛቀ ገልባጭ መኪናው ላይ ይጭነዋል፤ ገልባጩ ራቅ አድርጎ ይደፋዋል። እንዲህ እያሉ እንደ እርከን እርሻ ደረጃ በደረጃ ይወርዱና ከሥር ጥቁሩን ያገኙታል። ደረጃ የሚሠሩለት ግድግዳው ቀጥ ብሎ ከቆመ ስለሚናድ ነው አለችኝ። «ከሰሉን ከጨረስን በኋላ ድንጋዩን እንመልስና ለብቻ ያስቀመጥነውን አፈር እናለብሰዋለን» አለች፣ ልክ ለብርዳም ሰው ጋቢ እንደሚደረብለት አድርጋ። «ታለብሱታላችሁ?» አልኳት። «ደንቡ እንዲለብስ ነው» አለች።

ቀጥላ የሌላ አገር ሥራ አሳየችኝ። ይሄኛው ከሰሉ በጣም ጠልቆ፣ ሰፊና ዝርግ ሆኖ ሲተኛ ነው፤ ተራራውን ገፎ አይዘለቅም። ስሙ ሲፈታ ረጅም ግድግዳ ማለት ነው አለችኝ። በመሬት ውስጥ ሁለት ዋሻ ጎን ለጎን አርቀው ይቆፍሩና ጫፋቸው ላይ ያገናኟቸዋል። የሚቆረጠው በሁለቱ መካከል ያለው የከሰል ግድግዳ ነው። ጥርስ ያለው፣ ከበሮ የሚያህል ብረት በግድግዳው ርዝመት ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ከሰሉን ይልጠዋል፤ የተላጠው ከሥር ባለው ሰንሰለት ላይ ወድቆ እየተጎተተ ይወጣል። ሰዎቹና ማሽኑ ያሉት ጣሪያውን ተሸክመው በተደረደሩ የብረት ቋሚዎች ሥር ነው። ማሽኑ ልጦ ባለፈ ቁጥር ቋሚዎቹ ተራ በተራ ጎንበስ ይሉና አንድ እርምጃ ወደ ከሰሉ ይጠጋሉ፤ ከዚያ እንደገና ቀና ብለው ይሸከማሉ። ከኋላቸው ባዶውን የቀረው ጣሪያ ደግሞ ይወድቃል።

«ወደቀ እኮ» አልኳት።

«እንዲወድቅ ነው የሚፈለገው አባባ። ካልወደቀ ነው የሚያስፈራው።»

ስልኩን ከእጇ ወሰድኩ። ያችን ቦታ ደግመሽ አሳዪኝ አልኳት፤ ደገመችልኝ። ብረቱ ጎንበስ አለ፣ ተራመደ፣ ቀና አለ፤ ከኋላው ድንጋዩ ወረደ። «ይሄማ የኛው ነው» አልኩ። ሳቀች። «የት ነው ደግሞ የናንተው?» አለችኝ። «አንቺ ከምትገፍፊው ገደል ሥር። ብረት አልነበረንም፤ በእንጨት ነው» አልኳት። ያን ጊዜ ስልኩን አጥፍታ እግሯን አጣጠፈች።

ቤታችን ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ከበራችን ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ሰው፣ ወንዙ ማዶ ያለው ግድግዳ ነጭ ሆኖ ወገቡ ላይ አንድ ጥቁር መስመር ዞሮበታል፤ ገደሉ ነጠላ ቢሆን ያ ጥለቱ ነው። እኛ የሚነድ አፈር እንለው ነበር። እረኞች ይለኩሱታል፤ ሲነድ እንደ ክብሪት ጫፍ ይሸታል፣ ዓይን ያስለቅሳል። ማገዶ በሌለበት በዚያ ብርድ አገር ሰው ሁሉ ኩበቱን ይመርጥ ነበር እንጂ ያንን ቤቱ አያስገባውም። በኋላ ግን ከከተማ አንድ ጡብ የሚያቃጥል ሰው መጥቶ ለምድጃዬ ይሆነኛል አለ። ሰው ቀጠረና አንድ ካቦ ሾመበት። ካቦው ሌላ አገር ከሰል ሲቆፍር የቆየ፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ አጭር ሰው ነበር። ሥራውን ለመንደሩ ሰው ሁሉ ያስተማረው እሱ ነው።

ሥራው መቅደስ ያሳየችኝ ነው። ሁለት ዋሻ፣ የቀኝና የግራ፣ በመካከላቸው የድንጋይ ውርወራ ያህል ርቀት፤ ተራራው ውስጥ ገብተው ጫፋቸው ላይ በአንድ ረጅም ቀዳዳ ይገናኛሉ። ወንዶቹ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ በመስመር ይቆሙና ፊታቸውን ወደ ከሰሉ አዙረው በዲጂኖ ይንዱታል። ሌሎች ደግሞ የተናደውን በበሬ ቆዳ ላይ አድርገው እየጎተቱ ወደ አፉ ያወጡታል። ከቆፋሪዎቹ ጀርባ ሁለት ረድፍ የእንጨት ቋሚ አለ። አንድ እርምጃ ያህል በቆፈሩ ቁጥር ከፊት አዲስ ረድፍ ያቆማሉ፤ የኋለኛውን ረድፍ በመርቴሎ መትተው፣ በገመድ ስበው ይጥሉታል። ያኔ ከኋላ ያለው ጣሪያ ይወርዳል። ሲወርድ በሁለቱም ዋሻ አፍ ቀዝቃዛ ነፋስ እፍ ብሎ ይወጣል። ውጪ ከሰል የሚሸከሙት ሴቶች «ተራራው ተነፈሰ» ይላሉ፤ ያን ጊዜ ወደ ቤት የመሄጃው ሰዓት ደረሰ ማለት ነው። ሴት ዋሻው ውስጥ አትገባም። ከገባች ጣሪያው ይደነግጣል ይባል ነበር። ሴቶቹ ከአፉ ተቀብለው በጆንያ አዝለው እስከ መንገዱ ዳገቱን ያወጡታል፤ ከዚያ አህያ ይረከባቸዋል።

አባቴ አናጢ ነበር። በዚያ አካባቢ እጁ ያላረፈበት ቤት ጥቂት ነው። ካቦው ቋሚ እንዲያቀርብና እንዲያቆም ቀጠረው። አባቴ ሥራውን አልወደደውም፤ «ዕድሜዬን ሙሉ ጣሪያ እንዳይወድቅ ስሠራ ኖሬ በእርጅናዬ እንዲወድቅ ልሥራ?» ይል ነበር። እንጨቱ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ርጥቡን ቆርጠው ያመጡታል። ሸክም ሲበዛበት ይንጣጣል፣ ይንጫረራል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ሠራተኞቹ ይሰድቡታል፤ «ዝም በል አንተ ለፍላፊ» ይሉታል። ሲብስበት ግን ዲጂኗቸውን እየጣሉ ይወጣሉ። አባቴን ይሄ ያሳፍረው ነበር። እሱ ያቆመው እንጨት ሲያቃስት ሰው እንዲሰማ አይፈልግም።

እናቴ በሕይወት ሳለች አባቴ ቆርቆሮ ቤት ሊሠራላት ወይራ እየገዛና እየቆረጠ ከቤታችን ጀርባ ይከምር ነበር። ብዙ ዓመት የደረቀ፣ እንደ ብረት የከበደ ወይራ። እናቴ ስትሞት ክምሩ እንዳለ ቀረ። እኔ ስሙን የእናቴ ቤት አልኩት። ላዩ ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ፤ አንዱ ግንድ ላይ ዓይን የመሰለ ጉጥ ነበረበት፣ እሱን በጣቴ እያሻሸሁ ብዙ ቀን ውያለሁ። ማንም ሲያናግረኝ አልመልስም ነበር፤ በተለይ ለሴትዮዋ።

ሴትዮዋ ያልኳት አባቴ ያገባትን ነው። ከአንኮበር በታች፣ ከቆላው የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ብርዱን ያልለመደች ሴት ነበረች። ሠራተኞቹ ቆለኛዋ ይሏታል። ክረምት ከበጋ ወፍራም የሱፍ ባና ደርባ፣ በላዩ ከሰል አዝላ ዳገት ስትወጣ ይስቁባታል። ለኔ በሶዬን በማር ትለውሳለች፣ ከቆላ የመጣ ሎሚ ትደብቅልኛለች። እበላለሁ፤ ግን አንድ ቀን እንኳ በምንም ስም ጠርቻት አላውቅም። እማዬ ልበላት? አይሆንም። በስሟ ልጥራት? ነውር ነው። ስለዚህ ዝም። የምፈልገው ነገር ካለ አጠገቧ ሄጄ እስክታየኝ እቆማለሁ። እሷም «ምን ፈለግህ ታደሰ?» ትለኛለች፤ በጣቴ አሳያታለሁ። ተቆጥታኝ አታውቅም። እንዲያውም አለመቆጣቷ ያናድደኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ከእንቅልፌ ስነሳ የእናቴ ቤት የለም። ክምሩ የነበረበት ቦታ ቢጫ ሣርና የሚርመሰመስ ትል ብቻ ቀርቷል። አንድ ጎባጣ ግንድ ብቻ ተትቷል። አባቴ ወይራውን በአህያ አስጭኖ ወደ ገደሉ ወስዶታል። በየቀኑ ማየቱ ሳይከብደው አልቀረም፤ ያንን ዛሬ ነው የማስበው። ያን ጊዜ የታየኝ የሰረቀኝ መሆኑ ብቻ ነበር። ሠራተኞቹ ግን ተደሰቱ። ካቦው ወይራውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «እንጨት ማለት ይሄ ነው!» አለ። በቀኙ ዋሻ ጥግና በቀዳዳው ርዝመት አቆሙት። አልተንጫረረም። አንዲት ድምፅ የለም። አባቴ የዚያን ቀን ማታ እራቱን ሲበላ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲያንጎራጉር ሰማሁት።

ሰኞ ተራራው አልተነፈሰም። ማክሰኞም። ረቡዕም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አባቴ ሽብልቅ ሊፈልግ ወደ ቀኙ ዋሻ አፍ ወጣ። እኔ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። ሴትዮዋ ጆንያዋን አውርዳ ቀና አለች።

«ተራራው ከሰኞ ወዲህ አልተነፈሰም» አለችው። «ምን አስገቡበት?» ባሏን አንቱ ነበር የምትለው።

«ወይራ ነዋ። ቤት የሚያቆም እንጨት።»

«ከኋላ ያለው ጣሪያ ለምን አልወደቀም ታዲያ?»

«ወይራው ጠንክሮ ይዞታ። በመርቴሎ ብንለው ንቅንቅ አልል አለ። እንዲህ ያለ እንጨት ከሥር መቅበርስ ግፍ አይደለም? ይቁም ብለን ተውነው።»

«ባሕር ዛፉ እንኳ ሲንጣጣ እዚህ ድረስ ይሰማን ነበር። አሁን ምነው ዝም አለሳ?»

«ዝም ያለው ስለቻለ ነው» አላት፤ ኮራ ብሎ።

«ያልቻለም ዝም ይላል» አለች። ይህን ስትል ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። ለምን እኔን እንዳየችኝ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ካቦው ከዋሻው ውስጥ ሰምቷታል። «አናጢው፣ ሚስትህን ካቦ እናድርጋትና እኔ ጆንያ ልሸከም እንዴ? ዳገቱን ግን አልችለውም» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥርስ በሌለው አፌ ሳቅሁባት። እሷ ግን አባቴን ብቻ እያየች «ዛሬ ምሳ ወደ ውስጥ አይገባም። ታደሰንም አልልከውም። ወጥታችሁ ብሉ» አለች። አባቴ ሊከራከራት ከጀለና ተወው። «እሺ፣ በግራው አፍ ወጥተን ፀሐይ ላይ እንበላለን፤ ይኸው ደስ ይበልሽ» አላት። ለቀልድ ያህል ነበር እሺ ያላት።

እኔ ግን ደሜ ፈልቷል። ከሰማሁት ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው የእናቴን እንጨት ማጣጣሏ ነው። እናቴን የሰደበቻት መሰለኝ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ አገልግሉንና የጠላውን ቅል ይዛ ወደ ግራው ዋሻ ሄደች፤ ወንዶቹም በዚያ በኩል እየተጠራሩ ወጡ። እኔ በቀኙ ዋሻ አፍ ካለው ችካል ላይ የምትሰቀለውን ኩራዝ አውርጄና ለኩሼ ገባሁ።

ዋሻው እርጥብ ቅጠል ይሸታል። ባሕር ዛፎቹን አንድ ሁለት እያልኩ አለፍኩ፤ አንዳንዱ እንደ ወትሮው ይለፈልፋል። ጥጉ ጋ ስደርስ ወይራው ጀመረ፤ ከዚያ ወዲያ ጸጥታ ነው። ጉጡን ፈለግሁት፣ አገኘሁት። ዓይኑ ወደኔ ዞሮ ነው የቆመው። መዳፌን አሳረፍኩበት። እናቴን ምን እንዳልኳት አልነግራችሁም፤ ከሁለት ክረምት በኋላ አፌን ከፍቼ የተናገርኩት ለዚያ ግንድ ነበር። እያወራሁ ሳለ ከጣሪያው እንደ ተነፋ ዱቄት ያለ ነገር በኩራዟ ብርሃን ላይ ወረደ። ዓይኔ ውስጥ ገባ። እያሸሁ ፊቴን አዙሬ ወደ መጣሁበት ጥቂት እርምጃ ሄድኩ።

ወይራ ሲሰበር አንድ ጊዜ ነው የሚጮኸው። ጠመንጃ ይመስላል። አንዱ ሲጮህ ሌላው ተከተለ፣ ከዚያ የሦስት ቀኑ ጣሪያ በአንድነት ወረደ። ነፋሱ አንስቶ መሬት ላይ ደፋኝ፤ ኩራዟ ጠፋች። ስነሳ ከኋላዬ ተራራ ነው። ከፊቴም፣ ወደ አፉ መውጫው ላይ፣ ድንጋይና ጭቃ ወርዶ ዘግቶታል። ያለሁበት ቦታ ጥቂት ባሕር ዛፎች የያዙት የአንድ ጎጆ ያህል ጨለማ ነው። አቧራው ጉሮሮዬን ሞልቶታል። አላለቀስኩም። ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩ።

እሷ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ወንዶቹ በግራው አፍ ምሳቸውን ጥለው ሲተራመሱና ማን እንደጎደለ ሲቆጥሩ አባቴ አንድም ሰው ባለመጉደሉ ተንበርክኮ ፈጣሪውን እያመሰገነ ነበር። እኔ ከሴቶቹ ጋር ያለሁ መስሎታል። እሷ ግን ወደ ቀኙ አፍ ሮጣ ችካሉን አየች። ኩራዟ የለችም። ለማንም አልተናገረችም፤ ባናዋን ጥላ ገባች።

ድምፅዋን የሰማሁት ከክምሩ ማዶ ነው። «ታደሰ!» ትላለች። አልመለስኩም። «ታደሰ! የት ጋ ነህ?» አሁንም አልመለስኩም። ለምን አትሉኝም? እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ራሴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ፈርቼ ብቻ አይደለም። አቤት ለማለት እንኳ ከዚያ በፊት አቤት ብያት አላውቅም፤ አፌ መንገዱን አያውቀውም ነበር። ደግሞም እንጨቱን አጣጥላ ልክ የሆነችው እሷ ናት፤ የእናቴ ቤት ደግሞ ተሰብሮ ወድቋል። ለሷ ምን ብዬ ነው የምጮኸው?

 ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ ቤት ውስጥ በሶዬን ስትሰጠኝ እንደምታናግረኝ ሆኖ መጣ።

«እየሰማኸኝ እንደሆነ አውቃለሁ። መናገር ካቃተህ አትናገር። ድንጋይ አንሳና ቋሚውን አንኳኳ፤ እኔ በሱ እመጣለሁ።»

መሬቱን ዳበስኩ። ድንጋይ አገኘሁ። አጠገቤ ያለውን ባሕር ዛፍ ሁለቴ መታሁት። ኳ፣ ኳ።

«ሰማሁ» አለች። «አታቁም።»

እኔ አንኳኳለሁ፣ እሷ ትቆፍራለች። በእጇ ነው የምትቆፍረው፤ ድንጋዩ ሲንከባለል ይሰማኛል። ሳቆም «ምነው?» ትላለች፤ እንደገና አንኳኳለሁ። ባሕር ዛፎቹ መንጫረር ጀመሩ። እሷም ሰምታቸዋለች፤ «እነዚህ እየነገሩን ነው፣ ገና ጊዜ አለን» አለችኝ። ከጣሪያው ሥር እንደ ድመት በር ያለች ቀዳዳ ተከፈተች፤ መጀመሪያ ነፋስ፣ ቀጥሎ እጇ ገባ። የጨበጠኝ እጅ እርጥብ ነበር፤ ደም መሆኑን ያወቅሁት ብርሃን ላይ ስንወጣ ነው። ቀዳዳዋን አስፍታ ወደኔ ገባችና በነጠላዋ አፍና አፍንጫዬን አሰረችልኝ። ከፊት አስቀድማ በቀዳዳው ገፋችኝ፣ ራሷ ከኋላ በሆዷ እየተሳበች ወጣች። የዋሻው አፍ ስንደርስ ከኋላችን ባሕር ዛፎቹ ተራ በተራ እየተንጣጡ ተኙ። ተራራው በረጅሙ ተነፈሰ። ነፋሱ ጀርባችንን ገፍቶ ፀሐይ ላይ ጣለን።

አባቴ እየሮጠ መጣ። ሲያየኝ ቆመ። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ከጆሮዬ ውስጥ አፈር በትንሿ ጣቱ ማውጣት ጀመረ፤ አንዱን ጆሮዬን ሲጨርስ ወደ ሌላው፣ ከዚያ እንደገና ወደ መጀመሪያው። እሷን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። «ነግረሽኝ ነበር» አላት፣ መሬት መሬት እያየ። እሷም «ምሳ ወጥተው በሉ አይደል» አለችው፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ሰው ሁሉ ከቧታል። ካቦው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ... ሴት ከገባች ጣሪያው ይደነግጣል ይባል ነበር» አለ።

«ሳልገባ ደነገጠ እኮ» አለችው፣ የተላጠ ጣቷን ከኔ በፈታችው ነጠላ እየጠቀለለች። ካቦው ራሱ ቀድሞ ሳቀ፣ ከዚያ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ ቀን ወዲህ በየማታው ከመውጣታቸው በፊት «ቆለኛዋ፣ ተነፈሰ?» ብሎ ይጠይቃት ነበር። አባቴም ለዋሻ ርጥብ ባሕር ዛፍና ጥድ እንጂ ሌላ አስገብቶ አያውቅም። ሲንጫረርበትም አላፈረም።

ቤት የቀረውን ያን ጎባጣ ወይራ ጠርቦ አቃናውና የበራችን መቃን አደረገው። ከዋሻው በወጣሁ በማግሥቱ ይሁን በሳልስቱ፣ ውጪ ስጫወት ውዬ በራችን ላይ ደረስኩ። ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታ ገብስ ታበጥራለች። አጠገቧ ሄጄ እስክታየኝ መቆም እንደ ድሮው አልሆንልህ አለኝ። ልጠራት ፈለግሁ፤ ስም የለኝም። መቃኑን በጣቴ ሁለቴ መታሁት። ኳ፣ ኳ። ዞር አላለችም። ሰፌዷን ግን አቆመች። «ግባ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በዚያ በር ስንት ጊዜ እንደገባሁ። እስከ አራተኛ ክፍል ስማር፣ ትምህርቴን ትቼ ከአባቴ ጋር ስጠርብ፣ ሚስት አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ፣ ሁልጊዜ ሁለቴ አንኳኳለሁ፤ ሁልጊዜ ግባ ትለኛለች። አድጌ እትዬ ማለት ለመድኩ። እማዬ በለኝ ብላኝ አታውቅም፣ እኔም ብያት አላውቅም፤ የጎደለን ነገር ያለ አይመስለኝም። አርጅታ በተኛችበት በመጨረሻው ሰሞን ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር። የአልጋዋን እንጨት ሁለቴ መታ መታ አደረግሁ። ዓይኗን አልገለጠችም። ጣቷን ከፍ አድርጋ ባናው ላይ ሁለቴ አሳረፈች። ባና ድምፅ የለውም፤ እኔ ግን ሰማሁት።

ይህን ሁሉ ለመቅደስ ስነግራት የተሰጣው ልብሷ ደርቆ ነበር። የዛሬው የብረት ቋሚ ምን ያህል እንደተሸከመ በቁጥር የሚናገር መሣሪያ እንዳለው ነገረችኝ፤ ሸክሙ ሲበዛ ከመሬት በላይ ያሉ ሰዎች በቴሌቪዥን መስኮት ያዩታል። ደስ አለኝ። ደግሞ «በኩራዝ ነው የገቡት አባባ? ጋዝ ቢኖርስ?» ብላ ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ መቆጣቷ ሌላ ደስታ ነው። እኛ የቆፈርነውን ያህል ከሰል ዛሬ አንድ ኤክስካቫተር አንድ ቀን ምሳው ሳይደርስ ይዝቀዋል። ሰው ከተራራ ሥር አይገባም፤ ተራራው ነው ወደ ሰው የሚወርደው። ይሄ ይሻላል፤ ማንም እናት በእጇ ድንጋይ አትቆፍርም። ቤታችን የነበረበት አፋፍ ግን የለም። አባቴ የቆመበት፣ ክምሩ የነበረበት፣ እሷ ገብስ ያበጠረችበት ቦታ አየር ሆኗል፤ ወፍ ይበርበታል። ሰፈሩ ሲነሳ እኔ ሄጄ መቃኑን ብቻ ነቅዬ አመጣሁና እዚህ በሬ ላይ አቆምኩት።

መቅደስ ተነስታ ሄደች፣ መቃኑን በመዳፏ ዳበሰችው። «ስንት ጊዜ መታሁት ሳላውቅ» አለች። ከዚያ ዞር ብላ ጠየቀችኝ። «አባባ፣ ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ስማቸውን አልነገሩኝም እኮ።»

እውነቷን ነው። ሠራተኞቹ ቆለኛዋ አሏት፣ አባቴ አንቺ አላት፣ እኔ ድሮ ሴትዮዋ ኋላ እትዬ አልኳት። በዚያ ጨለማ ድንጋይ ይዤ በተቀመጥኩ ጊዜ ብጠራት ኖሮ የምጠራት በዚህ ነበር፤ ዘግይቼም ቢሆን ይኸው ልጥራት።

ትርንጎ።